ቆልፈሽ ንቀዪ

ዳፊንካን በክፉ የሚያነሳት ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አምቻታለሁ፤ ግን እኔ ሳማትና ሌላው ሲያማት አንድ አይደለም። አብረን ነው ያረጀነው። በአንድ የሆስፒታል ክፍል፣ የዳኑብ ወንዝ በሚታይበት መስኮት ስር፣ ስንቱን በሽተኛ አስታመን ስንቱን ሸኝተናል። በከተማው የሚወራውንም ሰምቻለሁ። “ሰው ገድላ ጡረታ ወጣች” ይላሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እንግዲህ ታሪኳ መነገሩ ካልቀረ እኔ ልንገራችሁ፤ እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁምና።

ዳፊንካ የገጠር ልጅ ናት። አባቷ የወይን እርሻ ጠባቂ ነበሩ። ነርስነት ተምራ ስትወጣ መርፌ እንደ ዛሬው አንዴ ተወግቶበት የሚጣል ነገር አልነበረም። ይቀቀላል፣ ጫፉ ሲደነዝዝ በድንጋይ ይሳላል፣ ከዚያ እንደገና ይወጋበታል። በኋላ የሚጣለው መጣ። በሽተኛው ክንድ ላይ ተተክሎ የሚሰነብተው ቀጭን ቱቦም መጣ። የቱቦው አፍ ግን በጎማ የተደፈነ ስለነበር መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር ጎማውን በመርፌ መውጋት ነው፤ አንዲት ነርስ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ትወጋለች። ጎማውን የሳተ መርፌ ታዲያ የት ይገባል? የነርሷ ጣት ውስጥ ነዋ።

የዳፊንካ ጣት ውስጥ የገባው ልጇ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። ትኩሳት ያሳበደው በሽተኛ ክንዱን ሲያወራጭ መርፌው ጠቋሚ ጣቷን ወጋት። ያን ጊዜ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች፤ ደሙን ጨመቀች፣ አልኮል አፈሰሰችበትና ሥራዋን ቀጠለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የጉበት ቫይረስ ነው ተባለ። ባሏ ኢልኮ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እናቱ ግን ኩባያዋንና ፎጣዋን ለዩባት። ቀጥሎ አልጋ ተለየ። ከዚያ ኢልኮ እንጆሪ ለቀማ ብሎ ስፔን ሄደና በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ዳፊንካ ልጇን ብቻዋን አሳደገች፤ እየደከማትም ሥራ አንድ ቀን አልቀረችም። መድኃኒቱ የተገኘላት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ቫይረሱ ጠፋ፣ ጉበቷ ላይ ግን ጠባሳው ቀረ።

ለዚህ ነው መርፌን እንደ ሰው የምትጠላው። ለሥልጠና ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶፊያ በሄደች ጊዜ መርፌ የማይፈልገውን ክዳን አየች። የቱቦው አፍ ላይ ይገጠማል፤ የስሪንጁን ባዶ አፍንጫ ታሽከረክሪበታለሽ፣ ይከፈታል፤ ስትነቅዪው ራሱ ይዘጋል። የሚወጋ ነገር የለም። ተመልሳ መጥታ ሌላ ወሬ ጠፋ። ለሦስት ዳይሬክተሮች አመለከተች፤ አንዱ ሲነሳ ለተተካው እንደ አዲስ ትጀምራለች። ዳይሬክተሮቹ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። እኛም እቃውን “ቡሽ”፣ እሷን “የቡሽ ሴትዮ” ብለን ስም አወጣንላት።

ከስምንት ዓመት በፊት ቡሹ መጣ። የእናቷ ቀብር ላይ እንባ ያልወጣት ሴት ካርቶኑን ስትከፍት አለቀሰች። እኔም አላገጥኩባት፣ “ሙሽራው ደረሰልሽ” ብዬ። ከዚያ ወዲህ ግን በክፍላችን አንድም ነርስ በመርፌ የተወጋች የለም። ይህ የእሷ ሥራ ነው፤ ማንም ከእሷ ላይ ሊወስደው አይችልም።

ደግሞ ማስተማር ስትወድ! ቡሹን በአልኮል እያሸሽ እስከ አሥራ አምስት ቁጠሪ። ስሪንጁን ግጠሚ። ቱቦውን የሚያጥበውን ጨው ውሃ ስጪ። ከዚያ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ጠቅ አድርገሽ ቆልፊ፤ ስሪንጁን የምትነቅዪው ከቆለፍሽ በኋላ ነው። ምክንያቱም ቡሹ ሲዘጋ ጥቂት ወደ ኋላ ይስባል፤ ሳትቆልፊ ከነቀልሽ ደም ወደ ቱቦው ጫፍ ገብቶ ይረጋል። እንዳንረሳው ግጥም ገጠመችለት፦ “ቆልፈሽ ንቀዪ፣ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ።” በቀይ ቀለም ጽፋ ከመድኃኒት መቀመጫው በላይ ለጠፈችው። አዲስ የምትቀጠር ነርስ ከስሟ ቀጥሎ የምትማረው እሱን ነበር።

እኔ ግን ዝንጉ ነኝ። መቆለፊያው ትዝ የሚለኝ ነቅዬ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ያኔ ተመልሼ ጠቅ አደርገዋለሁ። ዳፊንካ ባየችኝ ቁጥር ትጮህብኛለች፤ “የሰው ደም ስር የቤትሽ በር መሰለሽ እንዴ?” ትለኛለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በእኔ ጥፋት ሁለት ሦስት ቱቦ ተደፍኗል፤ እውነቱን መካድ አልችልም።

ጋሼ ሜቶዲ የመጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ዕድሜያቸውን በወንዙ ጎታች መርከብ ላይ መካኒክ ሆነው የኖሩ፣ ግንዲላ የሚያክሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወደ አንጀታቸው የሚሄደው የደም ስር ተዘጋና ሐኪሞቹ አንጀታቸውን ከሞላ ጎደል ቆርጠው አወጡት። ከዚያ በኋላ በአፍ የገባ ነገር የሚያድር አልሆነም። ምግባቸው እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ሆኖ፣ ከአንገታቸው አጥንት ስር በተተከለ ቱቦ በትልቁ የደም ስር ይገባል። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ይመጣሉ፣ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ሲመሽ ሚስታቸው እትዬ ኔዳ መጥተው ይወስዷቸዋል። በአንገታቸው ግራና ቀኝ ያሉት ሌሎቹ የደም ስሮች አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ይህች የመጨረሻዋ ናት። ሶፊያ ያሉት ሐኪም ሲሸኟቸው፣ “ይህን ቱቦ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት፤ እሱ ከሄደ ሌላ የምተክልበት ቦታ የለኝም” ብለዋቸዋል።

ጋሼ ሜቶዲም ጠበቁት። ከዳፊንካ በቀር ማንም እንዳይነካባቸው አሉ። የእረፍት ቀኗ ከሆነ እንኳ ከቤቷ መጥታ ከፍታላቸው ትሄዳለች፣ ሲመሽ መጥታ ትዘጋላቸዋለች። ገና ስትገባ “ዛሬ ምን በላሽ?” ይሏታል። እሷም ቁጭ ብላ ባቄላውን ከምን ጋር እንደሠራችው፣ በርበሬው እንዴት እንደተጠበሰ፣ ዓሣው ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ ትተርክላቸዋለች። እኔ መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ “ጨው አሳንሰሽበታል” ይሏታል።

ያለፈው መጸው ላይ የቡሹ ካርቶን ተለወጠ። ዙሪያው ነጭ ቀለበት የነበረው ቡሽ ባለ ሰማያዊ ቀለበት ሆኖ መጣ። ዳፊንካ አንዱን አንስታ ገጠመችው፣ ነቀለችው፣ እንደማያንጠባጥብ አየች፤ “ቀለሙ ነው የተለወጠው እንጂ ያው ነው” አለች። እሷ ያው ነው ካለች ማን ይጠይቃል? በየካርቶኑ አንድ አንድ ወረቀት ነበረበት፤ ባዕድ ቋንቋ ነው፣ ጀርባው ግን ባዶ። በክፍላችን ወረቀት ሁልጊዜ ስለሚያጥር ዘርግተን የበሽተኛ ሙቀት እንጽፍበት ጀመር።

ከዚያ ቱቦዎች መደፈን ጀመሩ። መጀመሪያ የአንዲት አሮጊት፣ ቀጥሎ የአንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ቀጥሎ ሌላ። ብዙ የሚሰነብት ቱቦ የምንይዘው ዳፊንካና እኔ ብቻ ነን፤ የተደፈኑት ሁሉ የእሷ ናቸው። የእኔዎቹ እንደ ምንጭ ይፈሳሉ። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የተጮኸብኝ ሰው ነኝ። ሻይ ላይ ተቀምጠን፣ “አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች” አልኩ፤ ልጆቹ፣ ወጣቶቹ ነርሶች፣ ሳቁ። ዳፊንካ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሰምታኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

እሷ ጥፋቱን የፈለገችው እጇ ውስጥ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉበቷም ያው ነው፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሳላውቀው ቀርቼ ነው አለች። ስለዚህ ጥንቃቄዋን አበዛች። አሥራ አምስት ስትቆጥር የነበረችው ሠላሳ ትቆጥራለች። መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋ፣ በጣቷ ዳስሳ ሳታረጋግጥ ስሪንጁን አትነካም። ወይ ጣጣ! በተጠነቀቀች ቁጥር እየባሰ ሄደ።

የካቲት ላይ የጋሼ ሜቶዲ ቱቦ ከበደ። ጨው ውሃው እየታገለ ነው የሚገባው። በዚያ ሳምንት አንሶላ መደርደሪያው ጋ ስሆን ዳፊንካ ገብታ በሩን ዘጋችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ሩሚ፣ ከነገ ጀምሮ ጋሼ ሜቶዲን አንቺ ያዢልኝ” አለችኝ። “እጄን አላመንኩትም።”

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። በማግስቱ ልብሴን ተኩሼ፣ ጠጉሬን አስይዤ ወደ አልጋቸው ሄድኩ። ጋሼ ሜቶዲ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ባለፈው መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ግማሽ ቀን ስትፈልጊ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?” አሉኝ።

“እሱ መነጽር ነው ጋሼ። ይኼ ሥራዬ ነው።”

“አትቀየሚኝ ልጄ። አንቺ ብትሳሳቺ ሌላ በሽተኛ አለሽ፤ እኔ ሌላ የደም ስር የለኝም። ዳፊንካ ትምጣ።”

ተቀየምኩ እንጂ! አልጋ ማዶ የተኙት ሳይቀሩ ስቀውብኛል። እሺ እንዳሻዎ ብዬ ወጣሁ። ትንሽ ብለማመጣቸው፣ ወይ በእትዬ ኔዳ ባስመክራቸው ይሰሙኝ ነበር ይሆናል። ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ዳፊንካ እየፈራች ተመለሰች፤ አሸች፣ ቆጠረች፣ ቆለፈች፣ ነቀለች።

በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ጭራሽ ተዘጋ። የክፍላችን ሐኪም ዶክተር ጋንቼቭ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አልሆነም። አምቡላንስ ወደ ሶፊያ ሊወስዳቸው ሲመጣ ዳፊንካ እስከ ደረጃው ድረስ አልጋቸውን ይዛ ሄደች። እሳቸው ነበሩ የሚያጽናኗት። “አንቺ ባትኖሪ እስከ ዛሬም አልደርስ” አሏት።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ይመስለኛል፣ የአንዱን በሽተኛ ሙቀት ጽፌ ወረቀቱን ሳስቀምጥ ተገለበጠ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉን ለማየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም። አራት ሥዕል ነው። በሦስተኛው ላይ ስሪንጁ ተነቅሎ ወጥቷል። በአራተኛው ላይ ጣት መቆለፊያውን ይቆልፋል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። እኛ የተማርነው ግልባጩን ነው።

ለዶክተር ጋንቼቭ ወስጄ አሳየሁት። ስልኩ ላይ ብዙ አነበበና ባለ ሰማያዊ ቀለበቱ ሥራው የቀድሞው ተቃራኒ መሆኑን ነገረኝ። ስሪንጁ ሲነቀል ወደ ኋላ አይስብም፤ ይልቅ ጠብታ ውሃ ወደ ፊት ገፍቶ የቱቦውን ጫፍ ከደም ያጸዳል። አስቀድመሽ ከቆለፍሽበት ግን ጠብታዋ መሄጃ ታጣለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ደም ጫፉ ላይ እየቀረ ይረጋል። “ስለዚህ መቆለፍ የሚረሱት…” አለና አየኝ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ጣለ። የጋሼ ሜቶዲ ደም ስር በራሱም ጊዜ ሊዘጋ ይችል ነበር፣ በዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም ብሎኛል። እኔ እስከ ዛሬ ያንን ቃሉን ይዣለሁ።

ጋሼ ሜቶዲ ሶፊያ በገቡ በአሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ሞቱ። በጭናቸው በኩል ሊተክሉላቸው ሞክረው ነበር፤ መረዘ።

ዳፊንካ የጡረታ ማመልከቻ አስገብታ ቤቷ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ልበል እያልኩ ነበር። አንድ ከሰዓት ቤቷ ስሄድ የነርቭ ሐኪም ጋ ወረፋ እንደያዘች ነገረችኝ። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ “ተመልከቺልኝ፣ ይንቀጠቀጣል አይደል?” አለችኝ። አይንቀጠቀጥም። እንደ እንጨት ጸጥ ያለ እጅ ነው። በዚያ እጅ ስንት ሰው ድኗል፤ እሷ እንደ ከሃዲ ታየዋለች። አንጀቴን በላችው። ወረቀቱን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

ቶሎ ነው የገባት። ከሁላችን እኮ ቀድሞ የሚገባት እሷ ናት። ጣቷን ከሦስተኛው ሥዕል ወደ አራተኛው አሻገረች፣ መለሰች፣ እንደገና አሻገረች።

“አንቺ ነቅለሽ ነበር የምትቆልፊው” አለች።

“በሩ ጋ ስደርስ ትዝ እያለኝ ነዋ። ታውቂኝ የለ።”

“እኔም እጮህብሽ ነበር።”

ዶክተሩ ያለውን ነገርኳት፤ ደም ስሩ በራሱም ሊዘጋ ይችል ነበር አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። እጇን አንስታ ገለባብጣ አየችው።

“ደህና ነው ማለት ነው” አለች። “ምነው ታሞ ቢሆን ኖሮ።”

በማግስቱ የቤት ልብሷን ለብሳ መጣች። የለጠፈችውን ግጥም በራሷ እጅ ቀድዳ ጣለችው። ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ በባለ ሰማያዊ ቀለበቱ እየገጠመችና እየነቀለች አሳየቻቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቀለሙን አይቼ ወረቀቱን ሳላይ ነው አለቻቸው። እኛም እኮ ስንት ወር ጀርባው ላይ ስንጽፍ ከርመናል፤ ይህን ግን አንዳችንም አፍ አውጥተን አላልንም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተደፈነ ቱቦ የለም።

የጋሼ ሜቶዲ አርባ ሲደርስ እትዬ ኔዳ የተቀቀለ ስንዴ ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። ለሟች ነፍስ የሚታደል ነው፤ ዋልነት የሚባለው ለውዝና ስኳር ይደረግበታል፣ የተቀበለ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ይበላል። ዳፊንካ እንድትገኝላቸው ቤቷ ድረስ ልከውባት ነበር። ለእኛ በወረቀት ኩባያ አመጡ፤ ለእሷ ግን ከቤታቸው የሸክላ ሰሃን፣ ላዩ ላይ በለውዝ መስቀል የተሠራበት።

“እሱ ከአንቺ እጅ ሌላ አላምንም ይል ነበር” አሏት። “የመጀመሪያው ላንቺ ነው።”

ዳፊንካ ሰሃኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ቆመች፤ አልበላችም። ምን ልትል እንደሆነ ስለገባኝ ከኋላ ቀሚሷን ያዝ አደረግኳት። አልሰማችኝም።

“እትዬ ኔዳ፣ ቱቦውን የደፈንኩት እኔ ነኝ” አለች። “አዲሱ እቃ ተነቅሎ ነው የሚቆለፈው። እኔ በአሮጌው ልማድ ቆልፌ ስነቅል ከረምኩ። ሩሚ ብትይዛቸው ኖሮ ይህን ስንዴ ዛሬ ባልቀቀሉ።”

ኮሪደሩ ላይ ያለነው ሁሉ ኩባያችንን ይዘን ቀረን።

“እሱ ያውቅ ነበር?” አሉ እትዬ ኔዳ።

“አያውቁም ነበር።”

“አርባ ቀን ሙሉ፣ በደህና እጅ ነበር እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ” አሉ ቀስ ብለው። “ዛሬ ማታ ምን ብዬ ልተኛ?”

እትዬ ኔዳ ሰሃኑን ከዳፊንካ እጅ ወሰዱት፤ አልነጠቋትም፣ ቀስ አድርገው ነው የወሰዱት። ዞረው ለእኔ ሰጡኝ። ባላቸው “ዳፊንካ ትምጣ” ብለው ለመለሱኝ ለእኔ።

“እንኪ፣ ብዪለት” አሉኝ።

ምን ላድርግ? የሟች ስንዴ እንቢ አይባል። እንባዬ እየወረደ ጎረስኩና ነፍስ ይማር አልኩ። እትዬ ኔዳ ትሪያቸውን አንስተው ወደ ቀሩት አለፉ። ዳፊንካ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ነበር። “ነፍስ ይማር” አለች፤ ከእኔ በቀር የሰማት የለም።